አባቴን የጦር መርከብ ሙዚየም ልወስደው ነው፤ የትኛዋ ትሻለዋለች?

የኮዬዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ትንሽ ይረዝማል፣ ነገሩ ለኔ ትልቅ ስለሆነ ታገሱኝ።

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ። አባዬ 75 ዓመት ሆኖታል። በ1961 ዓ.ም. የ18 ዓመት ልጅ እያለ ባህር ኃይል ገባ። «ኢትዮጵያ» የምትባለው መርከብ ላይ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል፣ ከታች ሞተር ክፍል ውስጥ። ከዚያ ምፅዋ ወርክሾፕ ነበር። ከ1983 በኋላ ግን አቃቂና ቃሊቲ ጋራዥ ለጋራዥ እየዞረ የናፍጣ ሞተር በመጠገን ነው ያሳደገን።

ባህር ካየ 35 ዓመቱ ነው። ቢሾፍቱ ስንሄድ ሐይቁ ዳር ይቆምና ዝም ይላል። ምሳ ቀርቦ ሦስት ጊዜ ጠርተነው ነው የሚመጣው።

አሁን እህቴ ሜሪላንድ ሆና ወረቀቱን ጨርሳለች፣ ቪዛውም ተሳክቷል። ከመስቀል በኋላ እኔና አባዬ እንሄዳለን፣ ሁለት ወር እንቆያለን። እህቴ በስልክ እዚህ እወስድሃለሁ እዚያ አሳይሃለሁ እያለች ስትዘረዝርለት ዝም ብሎ ሰማትና «አሮጌ የጦር መርከቦች ሙዚየም ሆነው ሰው ይገባባቸዋል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እውነት ከሆነ አንዷን ብረግጥ ደስ ይለኛል» አላት። ለራሱ አንድ ነገር ሲጠይቅ ስሰማው ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። እውነቴን ነው።

ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ከሜሪላንድ የሚቀርበው የቱ ነው? ከውጭ ቆሞ ማየት ሳይሆን መግባት ነው የሚፈልገው፣ በተለይ ሞተር ክፍል። ቀኝ ጉልበቱን ያመዋል፣ ደረጃ ቀስ ብሎ ይወጣል ይወርዳል ግን የመርከብ ደረጃ ምን እንደሚመስል አላውቅም። ደግሞ አንድ ነገር ያስፈራኛል። ያቺ መርከብ የለችም። ሌላ መርከብ ላይ ቆሞ ሆዱ ይባባ ይሆን? ደስ ላሰኘው ብዬ ላሳዝነው አልፈልግም።

---

ባልቲሞር አካባቢ ነኝ

እህቴ እንኳን ደስ አላችሁ። እኔ እዚህ ሜሪላንድ ስኖር 11 ዓመቴ ነው፣ ልጆቼንም ወስጃቸዋለሁ።

የሚቀርባችሁ ባልቲሞር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆናችሁ መንገዱ ካልተዘጋጋ ከሰዓት በታች ነው። ወደቡ መሀል ከተማ ውስጥ ስለሆነ እየተራመዳችሁ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ትሄዳላችሁ። አንዷ ኮንስቴሌሽን የምትባል የሸራ መርከብ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1854 የተሠራች። ስለሷ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እኔን በጣም ስለነካኝ። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፊት ይቺ መርከብ በአፍሪካ ምዕራብ ዳርቻ የባሪያ ነጋዴ መርከቦችን እያሳደደች ትይዝ ነበር። በ1860 ኮራ የምትባል መርከብ ይዛ 705 ሰው ነፃ አውጥታለች። እዚያው ወለል ላይ ቆሜ ለልጆቼ ይሄን ስነግራቸው ድምፄ ተቆረጠ።

ሁለተኛዋ ሰርጓጅ ናት፣ ቶርስክ ትባላለች። ለአባትሽ ጉልበት አልመክራትም። ከክፍል ወደ ክፍል የምታልፊው በክብ ቀዳዳ ነው፣ እግር አንስቶ ጎንበስ ብሎ።

ሦስተኛዋ ለአባትሽ ትሆናለች። ድሮ ቴኒ ትባል ነበር፣ በ2020 ስሟ ተነስቶ አሁን በቁጥሯ ነው የምትጠራው፣ 37። የተጠራችበት ዳኛ ጥቁር ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ የፈረደ ሰው ስለሆነ ነው ስሙን ያነሱት። የባህር ጠረፍ ጠባቂ መርከብ ናት። ጃፓን ፐርል ሃርበርን በደበደበች ቀን እዚያው አጠገብ ሆኖሉሉ ወደብ ነበረች፣ በዚያ ቀን ከተዋጉት ውስጥ ዛሬም ውሃ ላይ ያለችው እሷ ብቻ ናት። ርዝመቷ 100 ሜትር ገደማ ነው። እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ሠርታለች፣ ስለዚህ የመኝታው አልጋ፣ ወጥ ቤቱ፣ የሬዲዮ ክፍሉ ሁሉ ሰው ትናንት ትቶት የሄደ ነው የሚመስለው።

ስትመጡ እዚሁ ጻፊልኝ። መኪና አለኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ነፃ ነኝ፣ አባትሽን እኔ ራሴ እወስዳቸዋለሁ።

---

የለንደኑ

ስለ መጨረሻው ጥያቄሽ ልመልስልሽ፣ እኔም በዚያ ስላለፍኩ።

አጎቴ ባህር ኃይል ነበር። የዛሬ አራት ዓመት ሊጠይቀኝ መጣና ቤልፋስት ወሰድኩት። ቴምዝ ወንዝ ላይ የቆመች ትልቅ የጦር መርከብ ናት፣ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙዚየም ሆናለች። ዘጠኝ ፎቅ አላት። እንደ ሕንፃ ግን እንዳታስቢው፣ የተወሰነው ከውሃው በታች የሚወርድ ነው። ለአጎቴ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታሪኳ ስነግረው ብዙም አልገረመው። የኮሪያውን ስነግረው ግን ቆመ። የኛ ቃኘው ኮሪያ ተራራ ላይ ሲዋጋ ይቺ መርከብ ከባህር ላይ ትተኩስ ነበር፣ በዚያ ጦርነት ከ8,000 በላይ ጥይት ተኩሳለች። እጁን የብረቱ ግድግዳ ላይ አድርጎ «በርቺ ልጄ» አላት።

ከዚያ ቦይለር ክፍል ወረድን። መውረዱ ከበደው፣ ግን አይቀርም አለ። ታች ደርሰን ቧንቧዎቹን፣ መክፈቻ መዝጊያዎቹን፣ የሙቀት መለኪያዎቹን አንድ በአንድ እያየ ስማቸውን ይጠራ ጀመር። ከዚያ ተቀመጠና አለቀሰ። እኔ ደንግጬ እንውጣ አልኩት። «ተወኝ» አለኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየን። ስንወጣ ግን ለሰላሳ ዓመት ያልነገረኝን ነገር ሁሉ ያወራ ጀመር፣ የጓደኞቹን ስም፣ አሰብ ላይ ሻይ የሚጠጡበትን ቤት፣ በማዕበል ጊዜ ወጥ ድስቱን በገመድ እንዴት እንደሚያስሩት። ማታ ቤት ገብተን እስከ ስድስት ሰዓት አላቆመም።

ስለዚህ እህቴ ማልቀሱን አትፍሪው። ብቻ በዚያ ቀን ሌላ ፕሮግራም አትያዙ። አታጣድፉት። ፎቶ ፎቶ እያላችሁም አታስቸግሩት፣ መጀመሪያ ብቻውን ይቁም።

ስቶክሆልም ያለችውን ቫሳን የሚመክርሽ አይጠፋም። በጣም ታምራለች፣ በ1628 በመጀመሪያ ጉዞዋ ሰጥማ ከ333 ዓመት በኋላ የወጣች የእንጨት መርከብ ናት። ግን ጎብኚ አይገባባትም፣ ዙሪያዋን እየዞሩ ማየት ብቻ ነው። አባትሽ መርገጥ ነው ያሉት።

---

የኮዬዋ

የለንደኑ፣ መልስህን ሥራ ቦታ ሆኜ አንብቤ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ባልቲሞር፣ አንተንም እንደዚሁ፣ እንደርስ እንደሆን እጽፍልሃለሁ።

ለአባዬ ማታ አነበብኩለት። ድስቱን በገመድ ማሰር የሚለው ጋ ስደርስ ሳቀ። «በገመድ ብቻ አይደለም፣ በብረት ዘንግም ይታገዳል፣ ግማሽ ብቻ ነው የሚሞላው» አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም።

---

የምፅዋ ልጅ

አባቴ ባህር ኃይል ነበር፣ ነፍሱን ይማርና። «ኢትዮጵያ»ን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። ምፅዋ ላይ ስትገባ እኛ ልጆች ከጨዋታ ተነስተን እንሮጥ ነበር። ብዙ ሰው ስለማያውቃት ትንሽ ልጻፍ።

መርከቧ መጀመሪያ የአሜሪካ ነበረች፣ ስሟም ኦርካ። ሲያትል አጠገብ ነው የተሠራችው። በ1944 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምራ ፊሊፒንስ ላይ ተዋግታለች። ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ነዳጅና ጥገና የምትሰጥ መርከብ ነበረች፣ እንደ ተንቀሳቃሽ ጋራዥ በሉት። 95 ሜትር ገደማ ናት። ሁለት ፕሮፔለር ነበራት፣ በናፍጣ ሞተር የሚዞሩ። በጥር 1954 ዓ.ም. ለኛ ተሰጠች፣ ስሟም «ኢትዮጵያ» ተባለ፣ ኤ-01 የሚል ቁጥር ተጻፈባት። ከዚያ በኋላ የባህር ኃይላችን ትልቋ መርከብ እሷ ናት። እጩ መኮንኖች የሚሠለጥኑባት እሷ ላይ ነው። ንጉሡም ተሳፍረውባታል።

በ1983 ግንቦት ሁሉም ነገር ሲያበቃ ከቀሩት መርከቦች ጋር ወደ የመን ሄደች። ሁለት ዓመት ያህል እዚያ ቆማ ቀረችና በ1985 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። አባቴ እስኪሞት ድረስ «እናታችንን ለቁራሌ ሸጧት» ነበር የሚለው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባትሽ ከዚያ ዘመን የያዙት ነገር አለ? ፎቶ፣ ባጅ፣ ወረቀት፣ ማንኛውም ነገር። ካለ ይዛችሁ ሂዱ። እነዚህ ሙዚየሞች ውስጥ ብዙ አሮጌ መርከበኞች በነፃ ይሠራሉ። አንድ ወረቀት ካዩ ወንበር ስበው ነው የሚቀመጡት።

---

ሰበታ

ስለ «ኢትዮጵያ» ዛሬ ነው የሰማሁት፣ በጣም ነው የቆጨኝ። የጥያቄው ባለቤት ይቅርታ ታድርግልኝና አንድ ነገር ልጠይቅ። ሌሎች አገሮች የመቶ ዓመት መርከብ ጠብቀው ሲያስጎበኙ እኛ ይቺን አንዷን ማስቀረት አቅቶን ነው?

---

የምፅዋ ልጅ

ቁጭትህ የኔም ነው ወንድሜ። ግን በዚያ ጊዜ ምን ወደብ፣ ምን ገንዘብ፣ ምን ሰው ነበር? መርከበኞቹ ራሳቸው ስደተኛ ነበሩ።

ደግሞ መርከብ እንደ ቤት አይደለም። ቤት ዘግተህ ብትተወው ይቆያል። መርከብ ጨው ውሃ ላይ ካቆምከው ከሥር ይበላል። በየተወሰነ ዓመቱ ከውሃ ወጥቶ ሆዱ ካልተፋቀ፣ ያለቀው ብረት ካልተቀየረ፣ ቀለም ካልተቀባ ይሰጥማል። አሜሪካኖቹም ይቸግራቸዋል። ቡፋሎ የምትባል ከተማ ሙዚየም የሆነች የጦር መርከብ በ2022 እ.ኤ.አ. ቆማ ባለችበት ውሃ ገብቷት አዘንብላለች። ቴክሳስ የምትባለው በ1914 ሥራ የጀመረች ግዙፍ መርከብም ውሃ እያስገባች ለዓመታት ሲቀዱላት ኖረው በዚያው በ2022 ነው ለጥገና ተጎትታ የወጣችው።

ለታሪካችን ቅርብ የነበሩትም አልቀሩም። ንጉሡ በ1928 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደ ስደት የወጡባት ኢንተርፕራይዝ የምትባለው የእንግሊዝ መርከብ ከጦርነቱ በኋላ ተቆራረጠች። በ1937 ዓ.ም. ግብፅ ውስጥ ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር የተገናኙባት ኩዊንሲም እንደዚሁ። አንድ መርከብ የሚተርፈው «ይቺ አትሞትም» ብሎ ኪሱን የሚያራግፍ ሰው ሲያገኝ ብቻ ነው።

---

ገላን ፊዚዮ

ስለ ጉልበቱ አጭር ነገር ልበል፣ ሥራዬ ስለሆነ።

የመርከብ ደረጃ መሰላል በይው። ቀጥ ያለ ነው፣ እርከኑ ጠባብ፣ ግራና ቀኝ መያዣ አለው። ስለዚህ ሁለቱም እጃቸው ባዶ ይሁን፣ ቦርሳና ስልክ አንቺ ያዢ። ሲወርዱ ፊታቸውን ወደ መሰላሉ አዙረው ይውረዱ። ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የሚያመው ይቅደም። ከአሁን ጀምሮ በኮንዶሚኒየማችሁ ደረጃ ላይ በዚህ መንገድ ይለማመዱ፣ በቀን ሁለቴ በቂ ነው። ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዘው ከወጡ ግን ልምምድ አይባልም፣ ጉልበቱን መጨረስ ነው፣ ያንን አታስነኪያቸው።

የበሮቹ ደፍ ከፍ ያለ ብረት ነው፣ እግር አንስቶ መራመድ ይፈልጋል። ጫማው ሶሉ የማያንሸራትት ይሁን። ከበረራው በኋላም ቢያንስ አንድ ሳምንት አርፈው ይሂዱ፣ እግር ስለሚያብጥ።

---

የከባድ መኪና ሹፌር

ይሄን ውይይት ትናንት ሌሊት መኪና አቁሜ እያረፍኩ ነው ያየሁት። የምፅዋ ልጅ የጻፈውን ሳነብ እንቅልፌ ጠፋ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

እኔ አሜሪካ ውስጥ ጭነት እየጫንኩ ስዞር በኒውዮርክ ግዛት አልባኒ የምትባል ከተማ አልፋለሁ። እዚያ ሃድሰን ወንዝ ላይ ስሌተር የምትባል መርከብ አለች። አንድ ቀን ጭነቴ ዘግይቶ ጊዜ ስለነበረኝ ገባሁ። ዛሬ ከ«ኢትዮጵያ» ጋር ሳስተያያት ሰውነቴን ነው የወረረኝ።

ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። ስሌተርም በ1944 ነው ሥራ የጀመረችው። ርዝመቷ 93 ሜትር፣ ከናንተዋ በሁለት ሜትር ብታንስ ነው። እሷም የናፍጣ ሞተር ናት። እሷም ለሌላ አገር ተሰጠች፣ በ1951 ለግሪክ። ስሟ ተቀይሮ 40 ዓመት የግሪክን ባንዲራ ይዛ አገለገለች፣ ከሥራ የወጣችውም በ1991 ነው። «ኢትዮጵያ» ወደ የመን የሄደችበት ዓመት ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ነው የተለያዩት። በ1993 የኛዋ ለቁርጥራጭ ስትሸጥ ስሌተር በዚያው ዓመት ባህር አቋርጣ ተጎትታ አገሯ ገባች። ማን አመጣት? በእንደሷ ዓይነት መርከቦች ላይ ያገለገሉ ሽማግሌዎች። ግሪኮቹ መርከቧን በነፃ ሰጡ፣ ሽማግሌዎቹ የማስጎተቻውን ገንዘብ ከየኪሳቸው አዋጡ። ከ1997 ጀምሮ አልባኒ ናት። ዝገቷን እየፋቁ፣ ቀለሟን እየቀቡ፣ የጎደለውን ዕቃ ከየቦታው እየለቀሙ እንደ 1944ቱ አድርገው መለሷት።

እኔ ስለ መርከብ ምንም አላውቅም ነበር። ስገባ ግን ቡናው ማፍያ ሳይቀር ቦታው ላይ ነው። የመኝታው አልጋ በሰንሰለት የተንጠለጠለ፣ ሦስት ሦስት እየተደራረበ። አንድ ሰው በላይህ አንድ ሰው በታችህ፣ ፊትህ ላይ ደግሞ ቧንቧ። ሽታው ራሱ የናፍጣና የቀለም ነው። አባትሽ ያንን ሽታ ያውቁታል።

ተግባራዊ ነገሮች፦ ከሜሪላንድ በመኪና ስድስት ሰዓት ይፈጃል፣ ስለዚህ አንድ ሌሊት ማደር አለባችሁ። በክረምት ትዘጋለች፣ ወቅቷ ከእነሱ ሚያዝያ እስከ ኅዳር ነው፣ ስለዚህ ከመስቀል በኋላ እንደደረሳችሁ ቶሎ ሂዱ፣ ለመጨረሻ አታቆዩት። ጉብኝቱ በአስጎብኚ ነው፣ አንድ ሰዓት ገደማ። መሰላሏ ቀጥ ያለ ነው፣ ፊዚዮው ያለውን ስሚ። ሞተር ክፍል ደግሞ ሁሉም ጎብኚ የሚወርድበት ቦታ አይደለም። እህትሽ ቀድማ ትደውልና «አባቴ በ1944 ሥራ በጀመረ የአሜሪካ መርከብ ሞተር ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል፣ አገሩ ኢትዮጵያ ነው» ትበላቸው። በቃ ይሄን ብቻ። እዚያ ያየኋቸው ሽማግሌዎች እንዲህ ዓይነት ሰው ሲመጣላቸው ምን እንደሚያደርጉ ይታየኛል።

---

ባልቲሞር አካባቢ ነኝ

ሹፌሩ ያለው ትክክል ነው፣ ባልቲሞርን ለመለማመጃ አድርጉት። በመጀመሪያው ሳምንት 37ን እናያለን፣ ጉልበታቸው መሰላሉን ከቻለ አልባኒ እንሄዳለን። እኔ እነዳለሁ። ስድስት ሰዓት ለኔ ምንም አይደለም።

---

የኮዬዋ

ከየት ልጀምር። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይባርካችሁ።

ትናንት እሁድ ነበር፣ መብራትም አልነበረም። አባዬን በረንዳ ላይ አስቀምጬ የሁላችሁንም ከስልኬ አነበብኩለት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። የምፅዋ ልጅ፣ ያንተን ሳነብ ኮፍያውን አወለቀ። የአባትህን ስም ጠይቂልኝ ብሎኛል፣ በውስጥ መስመር ብትነግረኝ። ስለ ስሌተር ስደርስ አስቆመኝና ሁለት ጊዜ አስደገመኝ፣ በተለይ ሽማግሌዎቹ አዋጥተው አመጧት የሚለውን። ብዙ ቆይቶ «እኛም ብንሰማ እናዋጣ ነበር» አለ። ሌላ አልተናገረም። እኔም አልጠየቅኩትም።

ከዚያ ጥያቄ ጀመረ፣ ለሹፌሩ ጠይቂልኝ እያለ። ሞተሮቹ ይነሳሉ ወይ? ፕሮፔለሩን የሚያዞሩት በጥርስ ነው ወይስ በዲናሞ? የእጅ ፓምፕ አላት? እኔ ግማሹ አልገባኝም፣ እንዳለው ነው የጻፍኩት።

---

የከባድ መኪና ሹፌር

አስጎብኚው ያስረዳንን ልንገራቸው። በዲናሞ ነው። የናፍጣ ሞተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። አሁን መርከቧ በራሷ አትሄድም፣ በ2014 ለጥገና ስትወጣም በጎታች ጀልባ ነው የወሰዷት። የእጅ ፓምፑን አላየሁም፣ እሳቸው ሄደው ያያሉ።

---

የኮዬዋ

ነገርኩት። «አይ፣ የኛ በጥርስ ነበር» አለ፣ ግን ፊቱ በርቷል። ከዚያ ተነስቶ መኝታ ቤት ገባ።

የምፅዋ ልጅ ስለ ዕቃ ጠይቀኸኝ ነበር። ምንም የለም ብዬ ልጽፍልህ ነበር፣ ቤት ውስጥ አንድ ፎቶ ብቻ ነበር የማውቀው። አባዬ ከቁም ሣጥኑ ሥር የመፍቻ ሣጥኑን አውጥቶ ከፈተው። ከመፍቻዎቹ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር አለ። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ እዚያ ቤት ውስጥ ነበር ማለት ነው። በየፈረቃው የሞተሩን ሙቀት፣ የዘይቱን ግፊት፣ የገባውን ናፍጣ ለራሱ የጻፈበት ነው። በቀንና በሰዓት። ጽሑፉ የልጅ ጽሑፍ ነው፣ ጥንቅቅ ያለ። አንዳንዱ ገጽ ላይ የዘይት የጣት አሻራ አለ። በ1963 ጥቅምት አንድ ገጽ ላይ ከቁጥሮቹ በታች «ዛሬ ማዕበል፣ ሁሉም ታመመ፣ እኔ አልታመምኩም» ይላል።

እህቴ ነገ ወደ አልባኒ ትደውላለች። አባዬ ደረጃውን ገላን ፊዚዮ እንዳለው ጠዋትና ማታ እየወረደና እየወጣ ነው፣ ዛሬ ጠዋት ጎረቤት ምን ጠፍቶብዎት ነው ብላ ጠይቃዋለች። ደብተሩንም ይዘን እንሄዳለን። ሻንጣ ውስጥ ላስገባው ስል ግን አይሆንም አለኝ፣ ሻንጣ ይጠፋል፣ በእጁ ነው የሚይዘው።